የሙልሙል ቍጥር

ነሐሴ ሲብት በጎጃም ደጋ ዝናሙ ገና አልበረደም፤ የጮቄ ራስ ከጉም አይወጣም፤ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለውም የመንደር መንገድ ሁሉ ጭቃ ነው። ነገር ግን በዚሁ ወር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከየመስኩና ከየሠፈሩ አንድ ድምፅ መሰማት ይጀምራል፤ ይኸውም የልጆች ጅራፍ ነው። ይህን ድምፅ የሰማች የቤት እመቤት ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ «ዱቄቱ ይበቃ ይሆን?» እያለች ታስባለች። እኛም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ቡሄ ዳቦ፣ ስለ ሙልሙል ነው። ስለ ታላላቅ ጉዳዮች በሚጻፍበት መጽሔት ላይ እጅ ስለማይሞላ ዳቦ መጻፍ ምን ይረባል የሚል አይታጣም። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ስለ ነበር አንቀየመውም።

ቡሄ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል የሕዝብ ስሙ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ቀን ጌታችን በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን መግለጡን ታስባለች። ከአባቶች ሲወርድ የመጣው ታሪክ ደግሞ፣ ያን ጊዜ በተራራው አካባቢ መንጋ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ብርሃኑን አይተው ገና ቀን መስሏቸው ሳይመለሱ ቢቀሩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላል። ስለዚህ ጅራፉ የነጐድጓዱ፣ ችቦው የብርሃኑ፣ ሙልሙሉም የዚያ የፍለጋ ስንቅ ምሳሌ ነው ይባላል። በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው በቡድን በቡድን እየሆኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ሆያ ሆዬም ይላሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ መሬቱን በዱላ እየደለቁ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ሙልሙላቸውን ሲቀበሉም መርቀው ይሄዳሉ።

እኛ ያደግነው ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው አገር፣ በስናን ነው። በዚያ አገር ነሐሴ የችግር ወር ነው። አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፤ የአምናውም ጎተራው ወለል ላይ ደርሷል። እንግዲህ ሙልሙል የሚጋገረው ሊያልቅ ከተቃረበው እህል ላይ ተቀንሶ ነው። ቀኑም በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም አይገባበትም፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ርሾ፣ ቢገኝም ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው።

እናታችን ከበዓሉ አስቀድመው ስንዴውን ይለቅማሉ፤ ስንዴው ያነሰ እንደ ሆነ ገብስ ይደባልቁበታል። ነሐሴ 11 ቀን ማታ ዱቄቱን ያቦካሉ። አገሩ ብርድ ስለ ሆነ ሊጡ ቶሎ አይነሣም፤ ስለዚህ ዕቃውን በምድጃው አጠገብ አኑረው፣ አሮጌ ጋቢ አልብሰው፣ እንደ ታመመ ልጅ ሌሊት እየተነሡ ያዩታል። ሲነጋ ሊጡን እየቈረጡ በሁለት መዳፋቸው ያሽከረክሩትና መካከሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ያደርጉታል። በላዩም በቢላ ጫፍ ይስሉበታል፤ በአንዱ መስቀል፣ በአንዱ የተጠመዘዘ ጅራፍ፣ በአንዱ የስንዴ ዛላ። ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ ደርድረው አክንባሎ ይደፉበታል። ሽታው ከቤት ወጥቶ በጉሙ ውስጥ ሲሄድ እኛ ልጆቹ ከመንጋው ጋር ሆነን ከሩቅ እናውቀው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚደረግ አንድ ሥራ ነበረ። እናታችን ፊደል አልቈጠሩም። ሊጡን ከመቍረጣቸው በፊት ሰፌድ አቅርበው፣ ባቄላ እየጣሉበት የአካባቢውን ልጆች አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበር። «የማዶዎቹ ሦስት፤ የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ አንድ፤ የቆሎ ተማሪዎቹ አምስት፤ ያ ኵርፍተኛው እረኛ አንድ» እያሉ ይቀጥላሉ። በድንበር ነገር ከአባታችን ጋር ሰላምታ ያቋረጠ አንድ ጎረቤት ነበረ፤ የእርሱም ልጆች ባቄላቸው ከሰፌዱ ቀርቶ አያውቅም። በመጨረሻም ቍጥሩ ካለቀ በኋላ አንድ ባቄላ ይጨምሩ ነበር። «ይህስ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «የማናውቀው ልጅ ነው» ይሉን ነበር።

ዘመን አለፈ። ተምረን ደመወዝተኞች ሆንን፤ ቤታችንንም በደብረ ማርቆስ አደረግን። ይህች የቀድሞዋ መንቆረር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም የሰየሟት ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ብርዷ ከስናን ብዙ አያንስም። እኛ ግን ሊጥ ለማሟሟቅ ጊዜ አልነበረንም። ቡሄ በመጣ ቍጥር የአንድ ብር ሳንቲሞች መንዝረን በሳሕን ላይ እናኖር ነበር፤ ልጆቹ መጥተው ሲጨፍሩ አንሥተን እንሰጣቸዋለን። ነገሩ ቀላል፣ ንጹሕና ፈጣን ሆኖ አገኘነው።

አንድ ዓመት እናታችን የፍልሰታን ጾም ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ መጥተው ነበር። በዋዜማው የመጡት ልጆች ጨፍረው ሲያበቁ ገንዘቡን ሰጠናቸው። አውጪው፣ ዕድሜው አሥር ዓመት የሚሆን ልጅ፣ ከተቀበለ በኋላ ጥቂት ቆመ። «ጋሼ፣ ሙልሙል የለም?» አለን። «ዳቦ ግዙበት» አልነው። ልጁ እሺ ብሎ ሄደ፤ ምርቃቱ ግን አጭር ነበረ። በሩን ዘግተን ስንመለስ እናታችን ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ የመጣው ልጅ ነበር፤ እናንተ ነጋዴ አድርጋችሁ ሰደዳችሁት» አሉን። እኛም የዱሮ ሰው ናቸው ብለን በልባችን አለፍነው።

በዚያው ወራት በአሜሪካ የምትኖረው እኅታችን ደውላ አንድ ነገር አጫወተችን። በዚያ አገር በእነርሱ አቈጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን፣ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን ገደማ፣ ሃሎዊን የሚሉት በዓል አለ፤ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ልጆች የጭራቅና የዐፅም መልክ ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ ይለምናሉ። እኅታችንም ለዚሁ በዓል ከልጆቿ ጋር በቤቷ ብራውኒ ትጋግራለች፤ ይኸውም በካካዎ የጠቈረ፣ ቅቤና ዕንቁላል የበዛበት፣ በአራት ማዕዘን የሚቈረጥ ኬክ ነው። ልጆቿ በላዩ በነጭ ስኳር የሸረሪት ድር ይስሉበታል፤ የዱባ ፊት ያበጁበታል። «የእማዬን ሙልሙል እያስታወስሁ እኔ ደግሞ በአንዱ ላይ የስንዴ ዛላ እስላለሁ» አለችን።

«ታዲያ ለሚመጡት ልጆች ትሰጫቸዋለሽ?» ብለን ጠየቅናት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «ይኸንንማ የምንበላው እኛው ነን፤ ለደጅ ልጆች የሚሰጠው በፋብሪካ የታሸገ ከረሜላ ነው። ከማያውቁት ቤት የተጋገረ ነገር ልጆቹ ቢቀበሉ እንኳ ወላጆቻቸው ይጥሉታል» አለችን።

በዚያ አገር ይህ ልማድ ከጥንት የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን በዚሁ በዓል ሰሞን ድኾችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ስለ ሙታን ነፍስ ለመጸለይ ቃል ሲገቡ፣ ባለቤቶቹ ለዚሁ የተጋገረ ትንሽ ዳቦ ይሰጧቸው ነበር፤ ስሙም የነፍስ ዳቦ ይባል ነበር። በአሜሪካም ቢሆን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በቤት የተጋገረ ኬክና ብስኩት በደጅ ይታደል ነበር። በኋላ ግን፣ ይልቁንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፣ ምላጭና መርዝ ይገባበታል የሚል ፍርሃት በሕዝቡ መካከል ተስፋፋ። ከወሬው አብዛኛው መሠረት የሌለው ሆኖ ቢገኝም ፍርሃቱ ጸና፤ የቤት ዳቦም ከደጅ ጠፋ። የታሸገው ከረሜላ የሚታመነው ፋብሪካው ስለሚታወቅ ነው፤ የጋገረችው ጎረቤት ግን አትታወቅም። ይህን ስንሰማ ሳሕናችን ላይ ያሉት ሳንቲሞች ትዝ አሉን። ሳንቲምም ከማን እጅ እንደ ወጣ አይጠየቅም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። እናታችንን በዚያው ሰሞን ወደ እኛ አምጥተናቸው ስለ ነበር ክረምቱን ከእኛ ጋር አሳለፉ። ነሐሴ 11 ቀን ማታ ሰፌድና ባቄላ አምጡልኝ አሉን። ዘንድሮ ልጅ ከቤት እንደማይወጣ ነገርናቸው። እርሳቸው ግን በአጥር ላይ ሰላምታ እየተለዋወጡ በአምስት ወር ውስጥ የሠፈሩን ልጆች ሁሉ በስም አውቀው ነበርና መቍጠር ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ባቄላ ሆነ። «ማንም ባይመጣሳ?» አልናቸው። «ቈጥሬያቸዋለሁኮ» ብለው ሊጡን ሊያቦኩ ተነሡ።

በማግስቱ መሸ። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ የሚሰማው የዝናም ጠብታ ብቻ ነው። ሌማቱ ተሸፍኖ በመካከላችን ተቀምጧል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ከጎረቤት አጥር ውስጥ የአንድ ልጅ ድምፅ ተነሣ፤ ሆያ ሆዬውን ብቻውን ያወጣ ጀመር። ከወዲያኛው ግቢ ሌላ ልጅ ተቀበለው፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱ በየግቢው ቆሞ በአንድነት ዘፈኑ። እናታችን በምልክት ተነሡ አሉን። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ሌማቱን ወስደን ከበራችን ውጭ በበርጩማ ላይ አኖርነውና ራቅ ብለን ቆምን። ከመንገዱ ማዶ አንዲት እናት፣ «ማን ነው የጋገረው?» ብላ ጠየቀች። «እማማ ናቸው» አልናት። «ከእማማ እጅ ከሆነ ይውሰድ» ብላ ልጇን ለቀቀችው።

በዚያች ሌሊት የተወሰደው ሙልሙል አሥራ አራት ነው። የቀረውን አሥራ ሰባቱን አድርቀን አኖርነው። ልጆቻቸውን የከለከሉትን ወላጆች አንነቅፍም፤ ጊዜው የሚያስፈራ ነበረ፤ መጠንቀቅም ተገቢ ነበረ። ነገር ግን የዚያች ሴት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። በዚያ ሠፈር ስምንት ዓመት የኖርነው እኛ ነበርን፤ የምትታመነው እጅ ግን የአምስት ወር እንግዳ የነበሩት የእናታችን እጅ ሆና ተገኘች።

በ2014 ዓ.ም. ቡሄ ሲደርስ የእናታችን ዓይን ደክሞ፣ ጣታቸውም ተቈርምዶ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮስ እኛው እንጋግራለን አልናቸው። ሰፌዱን አቀረብን፤ ባቄላውን ጨበጥን፤ ከዚያ ግን አንድ ስም ጠርተን፣ ሁለተኛ ጠርተን፣ በሦስተኛው ላይ ቆምን። በመንገዳችን ላይ ስንት ልጅ እንዳለ አናውቅም ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የብዙ ሰው መዝገብ እንይዛለን፤ በደጃችን የሚያልፉትን ልጆች ስም ግን በምንም መዝገብ አልያዝንም። የዚያን ጊዜ የተሰማንን እፍረት እዚህ ላይ መጻፍ አስፈላጊ መስሎ ታይቶናል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ስለ እርሱ ነውና።

ያዳነን የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ነው። እርሱ ስም እየጠራ፣ እኛ ባቄላ እየጣልን ሃያ ስድስት ደረሰ። ከመደቡ ላይ፣ «ለማይታወቀውስ?» የሚል ድምፅ ሰማን፤ አንድ ጨመርን።

ጋገራውም ቢሆን አልቀናን። ሊጡ ሳይነሣ ቸኩለን ልንቈርጠው ስንል እናታችን ጣታቸውን ሰድደው፣ «ገና ነው» አሉን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም፣ «ገና ነው» አሉን። የመጀመሪያው ምጣድ ከታች አረረ፤ የሁለተኛው ውስጡ ሊጥ ሆነ፤ በሦስተኛው ጊዜ ብቻ ዳቦ የሚባል ነገር ወጣ። ያረረውን እኛው ተመገብነው። በላዩ የሳልነውም መስቀል ተጣምሞ፣ የስንዴውም ዛላ የዓሣ አጥንት መስሎ ነበር። ልጆቹ ግን ሲቀበሉን አንዱም ስለ ሥዕሉ አልጠየቀም። እኛ ግን እያንዳንዱን ስሙን ጠየቅነው። ምርቃቱ ረዘም ያለ መሰለን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ሁሉም ሰው ዳቦ ጋጋሪ ይሁን ብለን አይደለም። ሥራ የሚበዛበት፣ ዱቄት የሚወደድበት ሰው ብዙ ነው፤ ከዳቦ ቤት ገዝቶ የሚሰጥም ሰጠ ይባላል። ነገር ግን የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮኽ ቢያንስ ሰፌዱን አቅርቦ ባቄላውን መቍጠር ለማንም አይከብድም እንላለን። የሠፈሩን ልጅ በስሙ የሚያውቅ ቤት በልጁም ቤት ይታወቃል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም፣ «ከእርሱ እጅ ከሆነ ይውሰድ» የሚባልለት እንዲህ ያለው ሰው ነው።

በዚያች ሌሊት ሃያ ስድስቱ ሙልሙል ታድሎ አንዱ ቀረ። እናታችን፣ «ይቀመጥ» ብለው በጨርቅ ሸፈኑት። በማግስቱ ጧት ነሐሴ 13 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሌማቱ ባዶ ነበር። ማን እንደ ወሰደው እናታችንን ጠየቅናቸው።

«ልጅ ነዋ» አሉን።