ማክሰኞ ነበር

መቼም እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ጥራጊውን ወደ ውጭ አያወጣም፤ ካልጋ ሥር ገፋ ያደርገዋል። እኔም በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ጓደኛዬን ይዤው ባሕር ዳር ስገባ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። ቤት ብቻ ሳይሆን አንድ ሐይቅ ሙሉ ጠረግሁለት። ጥራጊውን የት እንደገፋሁት ኋላ ትሰማላችሁ።

ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በመኝታ ክፍላችን «ድሬ» ነበር የምንለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ሬጂስትራር ብቻ ነው። ድሬ ከተኛ ውሃ ጋራ ትውውቅ አልነበረውም። «እኛ ዘንድ ውሃ ባንድ ሌሊት ይመጣና ሰው ይዞ ይሄዳል» ይለን ነበር፤ የ1998ቱን ጎርፍ በልጅነቱ አይቷልና። አባቱ ግን እስከ 1983 ድረስ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ባሕር ያላወሩለት ነገር የለም። ስለዚህ «ና፣ የኛን ባሕር ላሳይህ» ስለው ሻንጣውን ለማሰናዳት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

«ግን ባሕር ነው ሐይቅ?» አለኝ፣ አውቶቡሳችን የአባይን በረሃ ወጥቶ ደብረ ማርቆስን እንዳለፍን።

«ከተማው ባሕር ዳር ነው የሚባለው፤ ሐይቅ ዳር ሲባል ሰምተሃል?» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

በመጀመሪያው ቀን በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። እኔ እንደ አስጎብኚ ቆሜ ቁጥር አወርድለት ጀመር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ደሴቶቹ 37 ይባላሉ፤ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን አንድ አባይ ብቻ ነው። ድሬ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ጥልቀቱስ?» አለ። እጅግ ጠልቋል ከሚባልበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ መሆኑን ነገርኩት። «ይህን ሁሉ ስፋት ይዞ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ የኔኑ ዕውቀት እንደሚመስል ያኔ አልገባኝም።

በመንገዳችን ላይ አንዲት ታንኳ እንጨት ተሸክማ በጎናችን አለፈች። ከላይዋ የተቀመጠው ሰው ውሃው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

«ያ ከምን የተሠራ ነው?»

«ከደንገል።»

«ማነው የሚሠራው?»

«ሰዎች» አልኩና ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት እጄን ዘረጋሁ። ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን፣ የመጻሕፍቱን ብዛት አወራሁለት። ድሬ ግን ታንኳዋ እስክትርቅ ድረስ አንገቱን አዙሮ ያያት ነበር።

ዘጌን ወደዳት። ከጫካው ጥላ ሥር፣ በቡናው ተክል መካከል፣ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ወጣን። ክቡን ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየ ብዙ ቆየ። ያን ቀን እኔ የጣና ባለቤት ነበርኩ። እምቦጩም ቢሆን አላሳፈረኝም። ይህ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን የወረረ አረም በብዛት የሚታየው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከኛ ማዶ ነበርና፣ ድሬ ሳያየው ቀረ። እኔም አላነሣሁበት።

በሁለተኛው ቀን ጢስ አባይ ሄድን። እዚህ ላይ ጉዴ ፈላ። በመንገድ ሁሉ «ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ ድምፁ ያደነቁራል» እያልኩ ስሰብክለት ሄጄ፣ ስንደርስ በዚያ ሰፊ ገደል ላይ የቀጠነ ውሃ እንደ ተቀደደ ነጠላ ተንጠልጥሏል።

«አቦ፣ ጭሱ የታለ?» አለ ድሬ። «እሳቱን አጥፍተውት ነው?»

በበጋ ውሃው ለመብራት እንደሚጠለፍ አስረዳሁት፤ በ1993 ሁለተኛው የጢስ አባይ ማመንጫ እንደ ተሠራ፣ ከ2002 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ እንደሚወስደው፣ ክረምት ሲመጣ ግን ፏፏቴው እንደሚመለስ። ድሬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «ታዲያ ምን ታፍራለህ? መብራት ነው የሆነው» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው። የተደበቀ ነገር ሲያገኝ አይሳለቅም፤ ለምን እንደተደበቀ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛውን ቀን ለከተማው ሐይቅ ዳር ተውነው። ጠዋት በእግራችን ወጣን። በጥላው ሥር አንድ አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄድን፣ ደንገል ተከምሮ የሚደርቅበት አንድ መንደር አጠገብ ደረስን። ሁለት ጊዜ መንገድ ላስቀይረው ሞከርኩ። አንዴ «ጭማቂ እንጠጣ» አልኩት፤ አንዴ «ፀሐዩ ከረረ» አልኩት። በሦስተኛው ትቶኝ ገባ።

እንግዲህ ካልጋ ሥር የገፋሁት ይኸው። ሰፈሩ «ወይጦ» የሚላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ራሳቸውን «ነገደ ወይጦ» ይላሉ፣ አጭሩን ስም እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። በጣና ዙሪያ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እስላም ነን ይላሉ፤ ዳሩ ግን ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጸየፋቸው ኖሯል። ባንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ከቤታቸው አይበላም፣ አይጠጣም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሌሊት ማፏጨት ነውር መሆኑን እንዳወቅሁት ነው ያወቅሁት።

አንድ ሽማግሌ ደንገሉን እያጠጋጉ በገመድ ጠፍረው ያስራሉ። ድሬ እግሩን አጥፎ ከአጠገባቸው ቁጭ አለ።

«አባባ፣ አንዱ ታንኳ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ደንገሉ ከደረቀማ ምን ይፈጃል። ደንገሉን ማግኘቱ ነው እንጂ። ድሮ ከደጃችን ነበር የምናጭደው፤ አሁን ርቋል።»

«ስንት ዘመን ያገለግላል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ዘመን? ውሃ ይጠጣል እኮ ልጄ። እያወጣህ ካላደረቅኸው ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ሌላ ትሠራለህ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሐይቅ ዳር ኖሬ፣ ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ ያን ቀን ሰማሁ። የሐይቁን ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር የማውቅ እኔ!

ወዲያው አንዲት ሴት፣ ልጃቸው ትሁን ምራታቸው አልጠየቅሁም፣ ሁለት ስኒ ቡና ይዛ መጣች። ድሬ ተቀበለ። እኔም ተቀበልኩ፤ እጄ እንዴት እንደ ተዘረጋ እኔም አላውቅ። ስኒው ንጹሕ ነው። ቡናው ይሸታል። ወደ አፌ ግን አልሄድ አለኝ። ሁሉም የሚያዩኝ መሰለኝና ምላሴ ቀደመኝ።

«ይቅርታ፤ ረቡዕ እጾማለሁ።»

ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና አሉ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በቁጣ አልነበረም። ቀን የተሳሳተበትን ሰው እንደሚያርሙት ነው ያረሙኝ። ቀጥለውም «ግድ የለም፤ ለጓደኛህ ስጠው» ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንደለመዱት ገባኝ። ከኔ በፊት ስንቱ ረቡዕን በማክሰኞ አምጥቶባቸው ይሆን?

ድሬ ስኒዬን ወስዶ ጠጣ። «ወላሂ፣ ሁለተኛው ይበልጣል» አላት ሴትዮዋን። ሳቀች። እኔ ሐይቁን አይ ነበር።

ማታ ቤት ገብተን እናቴ ዳቦ አቀረበች። ድሬ ዳቦው የቀረበበትን የደንገል ቅርጫት አገላብጦ አየና «እማማ፣ ይህ የት ተገዛ?» አላት።

«እዚሁ ነዋ፤ እነሱ ናቸው የሚሠሩት። እጃቸው መቼም!» አለች እናቴ፣ ምንም ሳይመስላት።

ድሬ ወደኔ ዞረ። አልተናገረም። መብራት ከጠፋ በኋላ ነው በጨለማ የጠየቀኝ።

«ስኒው ምን ሆኖ ነው?»

«ጉማሬ ይበላሉ ይባላል።»

«ሲበሉ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ከቅርጫታቸው ዳቦ ትበላለህ፤ ከስኒያቸው ቡና አትጠጣም።» ትንሽ ዝም አለ። «አባቴ ወደብ ላይ ከማን ጋራ እንደሚበላ ቢመርጥ ኖሮ በረሃብ ይሞት ነበር። ባሕር ማለት ይኸ ነው ይለን ነበር፤ ከየትም የመጣ ሰው ባንድ ሳሕን ሲበላ። እኔ ውሃውን አልነበረም ላይ የመጣሁት።»

የምመልሰው አልነበረኝም። እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ። ይህም ሁለተኛው ረቡዕ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ሸኘሁት። እውነተኛው ረቡዕ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ በዚያው ወደ መንደሩ ልሄድ አሰብኩና ምን ብዬ እንደምገባ ጠፋኝ። ክረምት ስመለስ እሄዳለሁ አልኩ። ክረምት ሲገባ፣ በሐምሌ፣ ሄድኩ። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ ጠየቅሁት። «ተነሥተዋል» አለኝ። «ወዴት?» ብለው ትከሻውን ነቀነቀ። በአጥሩ ሥር የበሰበሰ የደንገል ቁራጭ ወድቆ ነበር።

በመስከረም ድሬ ለእንቁጣጣሽ ደወለልኝ። ሰላምታውን ሳይጨርስ «አባባስ ደኅና ናቸው? ያ ታንኳ አለቀ?» አለ።

«አልቋል፤ ቆንጆ ሆኗል» አልኩት።

እነሆ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተም እንግዳ ይዛችሁ ወደየአገራችሁ ትሄዱ ይሆናል። ፏፏቴውንም ገዳሙንም አሳዩ፤ የሚያኮራ ነገር ማሳየት ነውር የለበትም። እንግዳው «ማነው የሚሠራው?» ሲል ግን «ሰዎች» ብላችሁ እጃችሁን ወደ ደሴቱ አትዘርጉ። የኔ መልስ ያኔ አጭር ነበረች፤ ዕዳዋ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለችም።

ይህ መጽሔት ድሬ እጅ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ የምልክለት። ታንኳው ማለቁን አላየሁም፣ ድሬ። ሰዎቹ የት እንዳሉም ገና አልጠየቅሁም። ልጠይቅ ነው።