«ዲስኩ ባዶ ነው» ያልኩት ቀን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል። የዩኒክስ ላብ ሳስተምር አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ «ሴቭ አልደረግ አለኝ» ብሎ መጣ። «ዲኤፍ» ብዬ ሳይ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ነው። «አንተው ነህ ያበላሸኸው» ብዬ በሰው ፊት ተቆጣሁት። ፋይሉ ዜሮ ባይት ሆኖ ቀረ።

ማታ በሩት አካውንት ገብቼ በስሙ «ኮታ» የሚለውን ትዕዛዝ ስሰጥ፣ ከተጠቀመው ቁጥር ጎን ኮከብ ምልክት አየሁ። ሶፍት ሊሚቱን አልፎ የ7 ቀን የእፎይታ ጊዜው አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ሲስተሙ አያስጽፍም። ገደቡን ያስገባሁት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

አሁን ሰርቨር የምታስተዳድሩ ልጆቼ፣ «ዲኤፍ» የዲስኩን እንጂ የሰውየውን አይነግራችሁም። የግሩፑን በ«ኮታ ሰረዝ ጂ»፣ የሁሉንም በ«ሬፕኮታ ሰረዝ ኤ» እዩ። መቆጣቱ ይደረሳል።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ።