ቁርጡን ልንገርሽ

እዚህ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ እንግሊዝኛ የሚለጠፈው ነገር አብዛኛው ዝርዝር ነው። «ማወቅ ያለባችሁ መቶ ፈሊጦች»፣ «በ30 ቀን እንደ አሜሪካዊ»። ከዝርዝሩ አናት ላይ ደግሞ ያቺ ድመትና ውሻ የምታዘንብ ዝናብ አትጠፋም፤ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»። የኛ ተማሪ ለፈተና ይሸመድዳታል፤ ባለቤቶቹ ግን በተራ ወሬ እምብዛም አያነሷትም። ዝናቡ በጣም ዘነበ ብለው ያልፋሉ።

ፈሊጥ እንዴት እንደሚለመድ ማየት የፈለገ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ይሂድ። ቀልዴን አይደለም።

ለገና የመጣ ዳያስፖራ ሲመለስ ሻንጣው ያለ በርበሬና ሽሮ አይዘጋም። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን በጆንያው መሃል፣ ከተሸካሚው «ዞር በሉ!» ጋር ተቀላቅሎ እንግሊዝኛ ይሰማል። ባለፈው ዓመት ለቤት የሚሆን ልገዛ ሄጄ ከፊቴ አንዲት ሜሪላንድ ያደገች ወጣት ከአክስቷ ጋር ቆማለች። አክስትየዋ ሥራዋን ታውቃለች፤ ዛላውን ሰብራ ውስጡን ታያለች፣ ውሃ ተረጭቶበት እንደሆነ በጣቷ ትፈትሻለች። ባለሱቋ ደግሞ አንዱን ዛላ አንስታ ጆሮዋ ሥር እያንኳኳች «ደረቅ ነው፣ የማረቆ ነው፣ ፍሬውን ስሚው» ትላለች። ጎን ላይ ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይቀነጥሳሉ። እኛ ሁላችን እያስነጠስን ነው።

ዋጋው ሲነገር ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ «ካን ዩ ኖክ ኦፍ ኤ ሊትል?» አለቻት።

የባለሱቋ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ከጓዳ ተጠራ። ጥያቄውን አስደገማትና አሰበ። «ኖክ»ን ያውቃታል፤ በር ማንኳኳት ናት። «በር ስለማንኳኳት ነው የምትለው» አለ። እናቱ በረንዳውን ግራና ቀኝ አየችና «የምን በር አመጣህብኝ? ቀንሽልኝ ነው የምትለው!» ብላ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ «የኔ ልጅ፣ ቁርጡን ልንገርሽ…»

ይሄኔ ግራ የመጋባት ተራው የልጅቷ ሆነ። ቁርጥን ደህና አድርጋ ታውቃለች፤ ከመጣች ጀምሮ ሥጋ ቤት እየወሰዱ አብልተዋታል። አክስቷን ዞር ብላ «እዚህ ሥጋም አለ?» ስትል ቀንጣሾቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ባለሱቋ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አትመሠርትም። ግን ዋጋ ከተጠራ በኋላ፣ በዚያ ፈገግታ፣ በዚያ ድምፅ፣ ገዢ ሊል የሚችለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ልጇ ቃሉን ይዞ ትርጉም ፈለገ፤ እሷ ሁኔታውን ይዛ ቃሉን አገኘችው። «ኖክ ኦፍ» ማለት ዋጋ መቀነስ እንደሆነ አሁን ብትጠየቅ ትመልሳለች፤ ልጁም ከእንግዲህ አይረሳትም።

ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ አይደለም። እንደውም ሁላችንም አንድ ጊዜ በትክክለኛው መንገድ ተምረናል። አንደኛ ክፍል መምህሩ ሲገባ «ስታንድ አፕ»፤ ሰላምታው ሲያልቅ «ሲት ዳውን»፤ አርፍደን በር ላይ ስንቆም «ሜይ አይ ካም ኢን ቲቸር»። ሦስቱም ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣብቆ የሚሠራባቸው ሐረጎች ናቸው፤ ማናችንም ግን አልሸመደድናቸውም፣ ማናችንም አልረሳናቸውም። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በሱ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለኛ የሚነበብ እንጂ የሚወራ ነገር ሳይሆን ቀረ። ስብሰባ ሲራዘም «ፖስትፖንድ» እንላለን፣ የቋንቋው ባለቤቶች «ፑት ኦፍ» ይላሉ። እኛ «ቶለሬት» እናደርጋለን፣ እነሱ «ፑት አፕ ዊዝ»። የኛ እንግሊዝኛ ስህተት የለበትም፤ ማመልከቻ ማመልከቻ ይሸታል እንጂ።

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚመሰክር አንድ ትልቅ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ግስ ትንሽ ቃል እያስከተለ ትርጉሙን የሚለውጥበት ይህ ጠባይ ለባዕድ ተማሪ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ጠቅሶ፣ እነዚህን በጥንቃቄ መሰብሰቡን ይናገራል። አገራችንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ነገር ግን ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የአቢሲንያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል፣ በ1759 ደግሞ የሐበሻውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ ጽፏል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ያንኑ ነው። ስለኛ የጻፈ ሰው የኛንም የቋንቋ ጣጣ ቀድሞ ማየቱ ደስ ይለኛል።

በሬዲዮ የተማረውም ትውልድ የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ወደ 1500 በሚሆኑ ቃላት ብቻ፣ ቀስ ተብሎ የሚነበብ፣ ፈሊጥ የተለቀመለት እንግሊዝኛ ነበር። ብዙ ሰው ጆሮውን የከፈተው በሱ ነው፤ ግን ፈሊጡ ወጥቶለታልና ዋሽንግተን የደረሰ ቀን አውቶቡስ ውስጥ የሚወራው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ መምህራን ሲመጡ ደግሞ ተማሪው አሜሪካዊ ሲቆጣም፣ ሲቀልድም፣ ኳስ ሲያመልጠውም መስማት ቻለ። ከእነሱ የተማሩ አዛውንቶች ሲናገሩ እስከ ዛሬ ይለያሉ፤ እኔ በሁለት ዓረፍተ ነገር እለያቸዋለሁ።

አማርኛችን በዚህ ነገር ከእንግሊዝኛ አይሻልም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ላጥ አለ»፣ «ሹልክ አለ»፦ «አለ» ማለት ተናገረ ነው ብሎ የተማረ ፈረንጅ፣ ሌባው «ላጥ» የሚባል ነገር ተናግሮ የሄደ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ አንዱን ግስ ይዞ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» እያለ ጭራውን ይቀያይራል። እኛ ደግሞ ግሱን ይዘን የሰውነት ክፍል እንቀያይራለን፦ ፊት ሰጠ፣ ጆሮ ሰጠ፣ እጅ ሰጠ። ሥርዓት ያለው መስሎት «ፊት ነሳ» የ«ፊት ሰጠ» ተቃራኒ መሆኑን ያየ ተማሪ፣ «እጅ ነሳ» የ«እጅ ሰጠ» ተቃራኒ ነው ብሎ ይደመድምና እጅ የነሳውን ሰው ሁሉ አልሸነፍም ያለ ጀግና ያደርገዋል። አክብሮት እንደሆነ የሚያውቀው ሲነሳ ያየ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ሳናውቀው የዋጥናቸው የእንግሊዝኛ ጭራዎች ብዙ ናቸው። ሜካፕ፣ ቼካፕ፣ ፒካፕ፣ ፑሻፕ፣ ባካፕ፣ ሃንዳውት። እዚያው እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ ከትንሽ ቃሉ ጋር የወለዳቸው ናቸው፤ እኛ ግን ልክ እንደ ዕቃ ተቀብለን «አደረገ» ጨመርንባቸው። ሃንዳውት ያላነበበ ተማሪ የለም፤ «ሃንድ አውት»ን በግስነቱ ማደል ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ኳስም አለ። የቼልሲው አሠልጣኝ ሞሪንሆ እ.ኤ.አ. በ2004 ቡድኑ ከቶተንሃም ያለ ጎል ሲወጣ ተናዶ፣ አውቶቡሳቸውን አምጥተው ጎሉ ፊት አቆሙት የሚል የአገሩን አነጋገር ተጠቀመ። የፖርቱጋል ፈሊጥ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ መርካቶ ዲኤስቲቪ ቤቶች ገባ። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። አሥር ሰው ጎል ፊት ተደርድሮ እየታየ ምን ይብራራል? አውቶቡስ ተራ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ የቆመ አውቶቡስ ለመርካቶ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ግን ከገበያና ከፊልም ብቻ መልቀምም ጣጣ አለው። ወደዚያች ሱቅ ልመለስ። በርበሬው ሲመዘን ልጁ ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን እዚህ እንደሚሠራ፣ ጉራግኛም ስልጥኛም እንደሚችል ለልጅቷ ነገራት። እሷም ዓይኗን አፍጥጣ «ሸት አፕ!» አለችው። ልጁ ፊቱ ክው አለ። ይቺን ሐረግ የሚያውቃት ከመምህሩ አፍ፣ ከጠመኔ ውርወራ ጋር ነዋ! ልጅቷ ግን «አትለኝም!» ማለቷ ነበር፤ እኛስ ተገርመን «ሂድ ወደዚያ!» ስንል መቼ ሂድ ማለታችን ነው። አክስትየዋ ገላገለችው። አስቡት እንግዲህ፣ ያንኑ «ሸት አፕ» ለአድናቆት ነው ብሎ ይዞ ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠ ልጅ ምን እንደሚገጥመው።

ዝርዝርን ጭራሽ አልጠላም። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. «የአማርኛ ፈሊጦች»ን አዘጋጅተው ሲያወጡ በየቀኑ የምንለውን፣ ማለታችንን ግን ያላስተዋልነውን ሰብስበው አሳዩን። ዳኛቸው ራሱ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያለውን ገደል ያውቀው ነበር። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ላልሰማ ሰው ግን የስልክ ማውጫ እንደ መሸምደድ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጆች አዲስ ሐረግ ይዘው ሲመጡ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብዬ አልጠይቃቸውም። ማን አለው፣ ለማን፣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር፣ የተባለው ሰውስ ምን መለሰ? እላቸዋለሁ። ሰሞኑን «ፌድ አፕ» መጣች። «እጅ እጅ አለኝ» ናት ተባባልን፤ ሁለቱም ከምግብ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ያም ከመጥገብ፣ ይሄም ከሰለቸ ወጥ። እሺ፣ ተግባባን። ግን ለአለቃ ትባላለች? ለደንበኛ? ለእናትስ? እስካሁን ካየኋቸው የመቶ ፈሊጥ ዝርዝሮች ይህን የጻፈ አንድም የለም። የምታውቁ ካላችሁ፣ ከማን አፍ እንደሰማችሁት ጨምራችሁ ንገሩኝ።