ገልና ወርቅ

በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የኦሲሪስን ቅርጽ የያዘ የእንጨት ማዕቀፍ ተገኝቷል። የኦሲሪስ መኝታ ይሉታል። ውስጡን በዓባይ ደለል ሞልተው እህል ዘሩበት፤ ውሃ አጠጡት፤ በቀለ። ከዚያ ቡቃያውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሣጥን ውስጥ ከተው ከወጣቱ ንጉሥ ጋር ቀበሩት። እዚያ ጨለማ ውስጥ ከ3,200 ዓመት በላይ ቆየ።

ዓለም የሚያወራው ስለ ወርቁ ነው። አይፈረድበትም፤ የውስጠኛው የሬሳ ሣጥን ብቻ 110 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ ደለል ነው። ዓባይ ወደ ግብፅ ሲያወርደው ከኖረው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የሄደ ነው። የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋ አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር የቤንሻንጉልን ቆላ አቋርጦ፣ በጉባ በኩል ይወርድ ነበር። ዓባይ ይዞት ስለሚዞረው ግንድ ተርተናል፤ አፈሩን ግን ዝም ብለን ሸኘነው። የንጉሡ ቡቃያ ሥር የሰደደበት ያ ጭብጥ አፈር ከማን ተዳፋት የታጠበ ይሆን? እያልኩ አስባለሁ።

ወርቁም ከእኛ የሄደ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የፈርዖኖቹ ወርቅ በዋናነት የወጣው ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃና ከኑብያ ነው። ያልሆነውን የእኛ ማለት የሆነውን ያስረሳል። የቤንሻንጉልን ወርቅ ፈልገው የመጡት ሰዎች ከፈርዖኖቹ ብዙ ዘግይተው፣ ጠመንጃ ይዘው ነው የመጡት።

የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ልጁን እስማኤልን ወደ ሱዳን ሲያዘምተው ወርቅና ባሪያ ፈልጎ ነበር። ከሠራዊቱ ጋር ፍሬዴሪክ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን አዋቂ ተጓዘ። ይህ ሰው ቀደም ሲል በግብፅ፣ በቴብስ ቅርስ ሲሰበስብ የነበረ ነው። በ1821 የሜሮዌን ፒራሚዶች አይቶ ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ1822 መጀመሪያ ደግሞ ከእስማኤል ጋር ፋዞግሊን አልፎ በቤንሻንጉል እስካለው የበርታ ሕዝብ ምድር ዘለቀ። የመጣው አፈሩን እያጠበ ወርቅ መኖሩን ሊመሰክር ነው። የታሰበውን ያህል አልተገኘም። በመንገዱ ላይ ግን መንደሮች ተዘረፉ፣ ሰዎች ታስረው ተነዱ። በዚያው ዓመት እስማኤል ሸንዲ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖልዮን ፓሪስ ላይ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ምሥጢር መፍታቱን አስታወቀ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያዝናል ልቤ። የመቃብር ሥዕልና የፒራሚድ ድንጋይ በጥንቃቄ ሲገለብጥ የኖረው የካዮ እጅ በርታ ምድር ሲደርስ አፈሩን ያየው በወርቅ ሚዛን ነው። የበርታ ሰው ድንጋይን «በለ» ይለዋል፤ ቤንሻንጉል የሚለው ስምም ከአንድ የተከበረ ድንጋይ፣ ከሻንጉል አለት የመጣ ነው ይባላል። በድንጋይ የሚጠራ አገር ነው። ድንጋዩን የጠየቀው ግን አልነበረም።

የጠየቁት የመጡት ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመሩ የስፔን አርኪኦሎጂስቶች በአሶሳ አካባቢ ቃባና በል ቁርቁሙ በሚባሉ የአለት ጥግ መጠለያዎች ቆፈሩ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ያገኙት ከኳርትዝ የተፈለጠ የድንጋይ መሣሪያና ገል ነው። የገሉ ጌጥ ወደ ሱዳን ሜዳ ሸክላ ያደላል፤ ሰዎች ከምዕራብ በኩል ወደነዚህ ተራሮች እየወጡ እንደኖሩ ይጠቁማል። ታሪካቸው አንድ መስመር ያልተጻፈለት ሕዝብ ከእጅ መዳፍ ባነሰ የሸክላ ስባሪ ይናገራል።

ገልን ያስከበረው የግብፅ መቃብር ነው። እንግሊዛዊው አርኪኦሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ናቃዳ ላይ ከ2,000 የሚበልጡ መቃብሮች ሲገጥሙት የሚነበብ ጽሑፍ አልነበራቸውም። ከየመቃብሩ የወጣውን ሸክላ ቅርጹንና ጌጡን እያስተያየ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በተርታ አስቀመጠ። ከፈርዖኖች በፊት የነበረው ዘመን ቅደም ተከተል በዚያ ሸክላ ቆመ። ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው የወጣበት ቦታ ከታወቀ ብቻ ነው። የቱታንካሙንን መቃብር ያገኘው ካርተር አራት ክፍል ብቻ ያለውን ያን መቃብር ባዶ ለማድረግ 10 ዓመት የፈጀው ለዚህ ነው፤ ዕቃው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ባለበት ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ከቦታው ይነሳል። አለዚያ ያ ደለል ተጠርጎ ይጣል ነበር፤ ቡቃያ መሆኑን ማን ልብ ይለው ነበር?

ዛሬ በቤንሻንጉል፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌ፣ በኩርሙክ ሰው ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ ይቆፍራል። ወንዱ በዶማ ያወጣል፣ ሴቷ በገበቴ ታጥባለች። እንጀራቸው ነው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ግን ወርቅ ፈላጊ ዶማ ከላይ የተኛውን ንብርብር ሁሉ ቆርጦ ነው የሚወርደው፤ ገሉም፣ ባልጩቱም፣ የሰው አጥንቱም ከቁፋሮው ትርፍ ጋር ይከመራል። አንዴ የተገለበጠ አፈር ተመልሶ አይነበብም። ወርቅ ቀልጦም ወርቅ ነው፤ ገል ግን ከተኛበት ከተነሳ ስሙን ያጣል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። አዋጁን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ የሚያነብለት ሰው ግን ያስፈልጋል፤ በበርታ ቋንቋም ጭምር። የወርቅ ማኅበራት ፈቃድ ሲወስዱ ገል ምን እንደሆነ በእጃቸው ይዘው ይዩት።

እናንተ በጉድጓዱ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌጥ ያለው የሸክላ ስባሪ ወይም አጥንት ካያችሁ ዶማውን አቁሙ። ከቦታው አታንሱት። የወረዳችሁን የባህል ባለሙያ ጥሩ።