ስም የሌለው ሙሽራ

«ክፍል ሁለት» ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። የመጀመሪያው ፊልም ገንዘብ አስገኘ፤ ባለገንዘቦቹ ያቺኑ ላም ዳግመኛ ለማለብ ተጣደፉ፤ ውጤቱም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሆኖ አረፈ። ይሁንና ደንብ አፍራሽ አይጠፋም። ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ በ1935 ያወጣው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ከነዚህ አንዱ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።) ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 75 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከወጣ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ታዲያ ዛሬም ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ለምንድን ነው? አስፈሪ ስለሆነ እንዳንል፣ እውነቱን ለመናገር አሁን ማንንም አያስፈራም።

አስቀድመን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፤ የፈጠረው ሳይንቲስት ስም ነው። ሰውዬው በ1931 በወጣው የመጀመሪያ ፊልም የሬሳ ብልት ገጣጥሞ፣ ሰፍቶ፣ ነፍስ ዘራበት። ስም ግን አላወጣለትም። በእኛ አገር እኮ ምንም የሌለው ድሃ እንኳ ልጅ ሲወለድለት ስም አይነፍገውም፤ ስም ለማውጣት ገንዘብ አይጠየቅማ! ከአያቶቻችን ተረት የምናውቀው ጭራቅ ሰው የሚበላ ነው፤ ይሄኛው ሰው የሚርበው ነው። እርግጥ ነው፣ ይገድላል፤ ፊልሙም አይደብቀውም። ሞተ ከተባለበት ከተቃጠለው የንፋስ ወፍጮ ሥር ሲወጣ ገና በመጀመሪያው ልጃቸውን ያጡ ባልና ሚስት ይገድላል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ነው እንድናዝንለት የምንጠየቀው።

ታሪኩን የደረሰችው እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ ናት። መጽሐፉ የታተመው በ1818 ሲሆን መጻፍ የጀመረችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከብዙዎቻችን ታንሳለች ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፍጡሩ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ያነባል፣ ይከራከራል፣ ፈጣሪውን ይወቅሳል። የመጀመሪያው ፊልም ግን ድዳ አድርጎት ነበር። የሁለቱም ፊልሞች አዘጋጅ ጄምስ ዌል በሁለተኛው አንደበቱን መለሰለት። ጭራቁን ሆኖ የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ ግን ጭራቁ መናገሩን ተቃውሞ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ጉንጩ እንዲጎደጉድ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ነበር፤ አሁን መናገር ስላለበት ጥርሱን አደረገ፤ ፊቱም ሞላ ብሎ ይታያል። ካርሎፍን የሚያህል ተዋናይ ባንንቅም በዚህ ነገር ከአዘጋጁ ጋር እንወግናለን፤ ምክንያቱም የፊልሙ ነፍስ ያለችው በነዚያ ጥቂት ቃላት ውስጥ ነው።

ቃላቱን የሚማረው በጫካ ብቻውን በሚኖር ዐይነ ስውር ሽማግሌ ጎጆ ነው። ሰዎች አሳደው፣ ተኩሰው አቁስለው፣ በግንድ ላይ አስረው፣ በሰንሰለት ጠፍረውት አምልጧል። የቫዮሊን ድምፅ ሰምቶ ይገባል። ሽማግሌው መልኩን አያይምና አይጮኽም። ቁስሉን ይዳብሳል፣ ሾርባ ያቀርብለታል፣ ብቸኝነቱን አይቶ ጓደኛ ስለላከለት አምላኩን እያለቀሰ ያመሰግናል። ያን ጊዜ የጭራቁም እንባ ይወርዳል። ከዚያ ትምህርት ይጀመራል፤ «ዳቦ»፣ «ወይን»፣ «ጓደኛ»፣ «ጥሩ»፣ «መጥፎ»። ሜል ብሩክስ በ1974 ባወጣው አስቂኝ ፊልም በዚህ ትዕይንት ላይ አላግጧል፤ ቢሆንም ዋናውን ሊገድለው አልቻለም።

እኛ ፊልሙን ያየነው በአንዲት ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ነው። ጭራቁ ሲጋራ ይዞ ሲያጨስ ሳቃችንን ለቀቅነው። አንዱ ጓደኛችን ግን አልሳቀም፤ ይልቁንም እንዲህ አለ፤ «እኔም አማርኛ የጀመርኩት በዳቦ ነው።» በአሥራ አራት ዓመቱ ከገጠር ለትምህርት ሲመጣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው በቀር አያውቅም ነበር። ቤት ያከራዩት እማማ ማታ ማታ ማዕድ ላይ አስቀምጠው «ይኼ ዳቦ፣ ይኼ ውሃ፣ ይኼ ጨው» ይሉት ነበር። «ክፍል ውስጥ ቃል ስስት ይስቁብኛል፤ እማማ ግን ደግመው ይነግሩኛል እንጂ ስቀውብኝ አያውቁም» አለን። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ያየነው በሌላ ዐይን ነው።

ጎጆዋ አልበረከተችም። ዐይን ያላቸው ሁለት አዳኞች መጡ፤ እንግዳው ምን እንደሆነ ለሽማግሌው ነገሩት፤ ግብግብ ተነሣ፤ እሳት ተነሣ፤ ጎጆዋ ነደደች። ጭራቁ «ጓደኛ» የሚለውን ቃል ይዞ ተሰደደ። አሁን የሚያገኘው ዶክተር ፕሪቶሪየስን ነው፤ በመቃብር ዋሻ ውስጥ ሬሳ ሣጥን ላይ እራቱን ዘርግቶ የሚበላ፣ ትንንሽ ሰዎችን ሠርቶ በጠርሙስ የሚያኖር የሳይንስ ሰው! ይህን ሚና ኧርነስት ቴሲገር ሲጫወተው ሳቅም ፍርሃትም አብረው ይመጣሉ። ፕሪቶሪየስ ጭራቁን አይፈራውም፤ ይጠቀምበታል እንጂ። ሴት ልሥራልህ፣ ጓደኛ ትሆንሃለች ይለዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በጎጆዋ በነጻ የተሰጠው ቃል እዚህ የመንጠቆ ሥጋ ሆነ። ጭራቁም የፍራንከንስታይንን ሚስት ኤልሳቤጥን ጠልፎ ሳይንቲስቱን በግድ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ለአዲሲቱ ፍጡር የሚሆነው ልብ የሚገኘው ደግሞ ሰው ተገድሎ ነው።

ሙሽራይቱ የምትታየው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በፊልሙ መክፈቻ ሜሪ ሼሊን ሆና የምትጫወተው ኤልሳ ላንቸስተር እዚህ ሙሽራ ሆና ትመጣለች፤ በተዋንያን ስም ዝርዝር ላይ በሙሽራይቱ አንጻር የተጻፈው ግን የጥያቄ ምልክት ነው። ጠጉሯ እንደ ግብጻዊቷ ንግሥት ኔፈርቲቲ ዘውድ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ግራና ቀኝ መብረቅ የመሰለ ነጭ ሰረዝ ወርዶበታል። የፍራንዝ ዋክስማን ሙዚቃ የሠርግ ደወል ያሰማል። ጭራቁ እጁን ዘርግቶ «ጓደኛ?» ይላል። እሷ ትጮኻለች።

በዚህ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወንድማችን «ምስኪን! እጁን ብትይዝለት ምን ነበረበት?» አለ። ከእኅቶቻችን አንዷ ከአፉ ነጠቀችው፤ «እሷንስ ማን ጠየቃት? ነፍስ ከዘራች አምስት ደቂቃ አልሞላት፤ ባል አቁመው ጠበቋት!» መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ሳይጠየቁ የተዳሩ እናቶችና እኅቶች በየቤታችን አሉና። ሙሽራይቱ አንድም ቃል አልተማረችም። ጩኸቷ ያላት ብቸኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «እምቢ» ነው።

የፊልሙ ዕድሜ ምሥጢር፣ እንደኛ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። ብቸኝነቱ እውነት ነው፤ እምቢታዋም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ጥፋቱ ጓደኛ በትእዛዝ ይሠራል ብለው፣ የሌላ ሰው ልብ አስመጥተው የሰፉት የሁለቱ ዶክተሮች ነው። ርካሽ ፊልም ቢሆን ኖሮ ወይ ጭራቁን ያስጠላን፣ ወይ ሴቲቱን ያስወቅሰን ነበር። ይሄኛው ሁለቱንም አልፈቀደልንም።

ጭራቁ በመጨረሻ ፍራንከንስታይንንና ኤልሳቤጥን ይለቃቸዋል። ለራሱ፣ ለፕሪቶሪየስና ለሙሽራይቱ ግን የሚገባን ሞት ነው ብሎ ይፈርዳል፤ እንባው እየወረደ ማንሻውን ይጎትታል፤ ግንቡ ይናዳል። ፍርዱን ግን እኛ አንቀበለውም። የጎጆዋን ማታ አይተናልና ለመኖር የማይገባው ነበር ልንል አንችልም። ደግሞስ ሽማግሌው የተቀበለው ዕውር ስለሆነ ብቻ ነው እንዳንል፣ እማማ ዐይናማ ነበሩ። ግንቡ ለአንዲት ጓደኛ መብረቅና የሰው ልብ ጠይቆ አልሆነለትም። ጎጆዋ የጠየቀችው ዳቦና አንድን ቃል ሁለት ጊዜ የመድገም ትዕግሥት ብቻ ነበር።