ጥሩምባ ሲነፋ በገርጂ

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሳይቀድ ሲዞር ገርጂ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ «ማን ሞተ?»፣ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ አይዘገይም፤ የኮልፌ ሙስሊም መቃብር ደግሞ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው። ክርስቲያኑ ሥራውን ትቶ መኪና ፍለጋ ይሮጣል። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነም ሙስሊሞቹ ገርጂ ጊዮርጊስ ድረስ ሸኝተው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጽሩ ውጭ ይቆማሉ።

ስለ መቻቻል ንግግር ያደረገ ሰው ትዝ አይለኝም። እድራችን የሚያውቀው ማን ምን እንደማይበላ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ድስት፣ ቢላው ሳይቀር፣ ለየብቻ ይቀመጥ ነበር። ለእንግዳ ሰው መለያየት ይመስለው ይሆናል፤ እኛ ግን ጎረቤታችን ለቅሶ ቤት ሳትሳቀቅ እንድትበላ ብለን ነበር። ንፍሮ ብቻ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም እኩል ይዘግነዋል።

ከሌላው ሰው የተለየ ደግ ስለነበርን እንዳይመስላችሁ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ከቀብር የቀረ፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይቀጣ ነበር። ዳኛችን ሐጂ ቅጣት ሲያጽፉ የገዛ ወንድማቸውን እንኳ አይምሩም ነበር። መዋደዱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። መዝገቡም የሚጠይቀው ስም፣ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ነበር፤ ሃይማኖት የሚል ዐምድ አልተሰመረበትም። በ1990ዎቹ ኤድስ ወጣቱን ሲረፈርፍ፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት የገቡት በዚሁ ሃይማኖት ባለመጠየቅ ልማድ ነው። ያኔ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ገና አልተቋቋመም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የከተማዋ የኮንዶሚኒየም ሙከራ እዚሁ ገርጂ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ኮንዶሚኒየም እየደረሰው ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ ተበተነ። አሁን መዋጮው በቴሌብር ይላካል፤ ድንኳኑ ኪራይ፣ ወጡም የምግብ አዘጋጅ ሥራ ሆኗል። ምቾቱን አልጠላሁትም። ድስት የማጠብ ተራ ደርሶት የማያውቅ ሰው ግን ጎረቤቱ የማይበላውን በምን ያውቃል?

የገርጂ፣ የቦሌ ሚካኤልና የወሎ ሰፈር እድር ጸሐፊዎች፣ ያ አሮጌ መዝገብ እጃችሁ ላይ ካለ ቤት ስትቀይሩ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ) ስጡልን።