የአባቴ ጽጌረዳ በቂርያት ጋት

ቂርያት ጋት ብትመጡ በአንድ የድሮ ፎቅ ደጃፍ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ታያላችሁ። ቄሱ አባቴ የተከሏት ናት። በጎንደር በሬ ጠምደው ያረሱ ሰው፣ እዚህ ሥራ ፈትቶ አግዳሚ ወንበር ላይ መዋሉ ሲከብዳቸው ያቺን ጥቂት መሬት ቆፈሩ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ እጃቸው የነካውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ጨነቀኝ። ሁለት ዓመት ተውኳት። ቁመቷ ረዘመ፣ እሾኋ በዛ፣ አበባዋ ግን አነሰ። አንዲት ጎረቤታችን እናት «ልጄ፣ ማዘን ሌላ፣ መከርከም ሌላ» አሉኝ። በጥር የደረቀውንና የተጠላለፈውን አነሳሁ፤ ጤነኛውንም ወደ ውጭ ከሚያበቅለው ዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጌ በሰያፍ ቆረጥኩ። ለፋሲካ አበበች።

እናንተም ደጃፋችሁ ፀሐይ ካገኘ ትከሉ። የዚህ አገር ሐምሌ እንደ ጎንደር ሐምሌ አይዘንብም፤ ስለዚህ በማለዳ ሥሯን አጠጡ። ቅጠሏን አታርጥቡ፣ በሽታ ያመጣባታል። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ጨርሱ። የልጅ ልጆቻችሁንም አጠገባችሁ አድርጋችሁ በአማርኛ አውሯቸው። የኔ ልጅ «እሾህ» የሚለውን ቃል የተማረው እዚያች ጽጌረዳ ሥር ነው።